እፍኝ ኮረሪማ

በምሠራበት ምግብ ቤት አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች የኤሌክትሪክ መፍጫ እያለ ኮረሪማ በሙቀጫ ስወቅጥ ሲያዩ ይገርማቸዋል። አንዷማ፣ «እትዬ፣ ከበርበሬው ጋር ወፍጮ ቤት ብንልከውስ?» ብላኛለች። በርበሬውንና ሽሮውን እንልካለን፤ ያን ሁሉ ኩንታል በዘነዘና ውቀጡ የሚል የለም። መከለሻ ግን ሌላ ነው። እፍኝ ቅመም ወፍጮ ውስጥ ቢገባ ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ የሚወጣውም ቀድሞን ያስፈጨውን ሰው ሽሮ ይዞ ነው።

ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ነው የምገዛው። የከፋም ሆነ የሌላ አገር፣ ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ወራት ይቆያል፤ ከተፈጨ ግን መዓዛው ያለበት ዘይት ቶሎ ይተናል። ቅርፊቱን ሰብሬ፣ ፍሬው ላይ የተለጠፈውን ስስ ሽፋን አራግፌ፣ በለስላሳ እሳት አመስ አመስ አደርገዋለሁ። ከዚያ ማብረድ ነው። ችኮላ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ትኩሱ ይጨፈለቃል እንጂ አይሰበርም፣ የበረደው ግን ኩርሽም ይላል። በግራ እጄ የሙቀጫውን አፍ ከለል አድርጌ እወቅጣለሁ። መጀመሪያ ፍሬው ሲሰበር ይንጣጣል፤ እየላመ ሲመጣ ድምፁ ይታፈናል። ያኔ ወንፊት።

ለሁሉም ግን አይልምም። ለዶሮ ወጥ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል የሚነሰነሰው መከለሻ ዱቄት መሆን አለበት። ለቅቤ ማንጠሪያ ግን ኮረሪማውም ነጭ አዝሙዱም ፈርከስ እስኪል ብቻ ነው። ልሞ ከገባ ከታች ተኝቶ ያርራል፣ ቅቤውን ያጠቁራል፣ የተረፈው ደግሞ ከማጥለያው ያመልጣል። የሻይ ቀረፋና ቅርንፉድ ሰበር ሰበር ከተደረገ ይበቃል፤ ዱቄቱ ሻዩን ከማደፍረስ በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሙቀጫ ሁሉን ይችላል ብዬ ግን አልሟገትም። የደረቀ እርድ ድንጋይ ነው፤ ወፍጮ ቤት ይሂድ። አብሽም እንዲሁ። ሚጥሚጣ በትንሹ ሲሆን እወቅጣለሁ፣ ጨው ጣል አድርጌበት፤ ጨው በርበሬውን ቶሎ ያልመዋል። ማስነጠሱ ግን አይቀርም።

የማልደራደርበት አንድ ነገር የቡናው ሙቀጫ ነው። እንጨት ሽታ ይይዛል፤ ጥቁር አዝሙድ የተወቀጠበት ሙቀጫ ቢታጠብም ቡናውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሁለት አሉን፤ የቅመሙ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ልጆቹ ጥድፊያ ሲበዛባቸው አሁንም ያምታቱታል፣ እኔም እቆጣለሁ።