መህመት ኩርቱሉሽ፦ ባለ ብዙ ገጽታው ተዋናይ

በጀርመን እሑድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በርካታ ቤተሰቦች ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባሉ። ሰዓቱ «ታትኦርት» ማለትም «የወንጀሉ ስፍራ» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም የሚጀምርበት ነው። ከጎርጎሮሳዊው 1970 ዓ.ም. አንስቶ በሚተላለፈው በዚህ ዝግጅት እያንዳንዱ ከተማ የራሱ መርማሪ ፖሊሶች አሉት። ይሁንና የቱርክ ዝርያ ያለው ዋና መርማሪ እስኪታይበት 38 ዓመታት ፈጅቷል። በጥቅምት ወር 2008 የሃምቡርጉን መርማሪ ጄንክ ባቱን ሆኖ ብቅ ያለው ተዋናይ መህመት ኩርቱሉሽ ነው።

ኩርቱሉሽ በ1972 በምዕራብ ቱርክ በምትገኘው የኡሻክ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ በብረታ ብረት ኢንዱስትሪዋ ወደምትታወቀው የጀርመን ከተማ ዛልትስጊተር መጣ። ጀርመን በ1961 ከቱርክ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት የመጡት ሠራተኞች «እንግዳ ሠራተኞች» ይባሉ ነበር። አብዛኞቹ ግን እንግዳ ሆነው አልቀሩም፤ ልጆቻቸውም እዚያው አደጉ። በፊልሙ ዓለም ግን እነዚህን ልጆች ለረጅም ጊዜ የጠበቋቸው ሚናዎች ጥቂት ነበሩ፤ ወይ ወንጀለኛ አለያም የአትክልት ሻጭ።

ኩርቱሉሽን ያስተዋወቀው የፋቲህ አኪን የ1998 ፊልም «ኩርትስ ኡንድ ሽሜርትስሎስ» ነው። በፊልሙ ከእስር ቤት ወጥቶ ከወንጀል ለመራቅ የሚታገለውን ጋብርኤልን ተጫውቷል። እሱና ሁለት ባልደረቦቹ በስዊትዘርላንዱ የሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል የነሐስ ነብር ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል። በ2000 በወጣው «ኢም ዩሊ» ደግሞ የአጎቱን አስከሬን በመኪና ጭኖ ወደ ቱርክ የሚጓዘውን ኢሳን ሆኖ ተመልካቹን አስቋል። በ2002 በዶሪስ ዶሪ ፊልም «ናክት» ውስጥ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ግን ስሙ ቦሪስ ነው፤ ታሪኩም ከቱርክ ጋር አይያያዝም። ተዋናዩ በዝርያው ሳይሆን በችሎታው መመረጥ መጀመሩን ይህ ሚና ያሳያል።

የጄንክ ባቱ ሚና ይህንኑ ችሎታ የሚጠይቅ ነበር። ባቱ መታወቂያውን እያሳየ በር የሚያንኳኳ መርማሪ ሳይሆን፣ ስሙንና ሙያውን እየለወጠ በወንጀለኞች መካከል የሚኖር ስውር ፖሊስ ነው። በየክፍሉ ሌላ ሰው መሆን ስላለበት፣ ኩርቱሉሽም በአንድ ሚና ውስጥ ብዙ ሚናዎችን መጫወት ነበረበት። የባቱ ታሪክ ከስድስት ክፍሎች በኋላ በግንቦት 2012 በመርማሪው ሞት ተጠናቀቀ።

ኩርቱሉሽ ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከጀርመን ውጭም አስፍቷል። በ2014 «ቢግ ጌም» በተባለው ፊልም ከሳሙኤል ኤል ጃክሰን ጋር ተጫውቷል፤ ስለ ኮሴም ሱልጣን በሚተርከው የቱርክ ተከታታይ ፊልም ደርቪሽ መህመት ፓሻን ሆኗል፤ በ2020 ደግሞ በቤልጂጉ የኔትፍሊክስ ተከታታይ «ኢንቱ ዘ ናይት» ታይቷል።

ዛሬ በጀርመን ቴሌቪዥን ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለዱ መርማሪዎችን ማየት ብርቅ አይደለም። በ2008 ግን ጥያቄው ከፊልም ያለፈ ነበር፤ የአገሪቱን ሕግ በማስከበር ጀርመንን የሚወክለው ማን ነው የሚል። የኩርቱሉሽ ባቱ ለዚህ ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በሥራ መልስ ሰጥቷል።