ርብ ወንዝ በአጎቴ ግቢ

የካርታ ሥራን በኮምፒውተር የተማርኩት በአላስካ ነው። ሄጄ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ለአምስት ቀን ሥልጠና ተቀምጠን ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ስንከፍት የተሰጠን የመለማመጃ መረጃ የአላስካ ነበር። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ጋሪ ሸርማን እዚያ ይኖር ስለነበር ይመስለኛል። አምስት ቀን ሙሉ የአላስካን ወንዝ ሰማያዊ፣ ደኑን አረንጓዴ ስቀባ፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ዙሪያ ክብ ስሠራ ሰነበትኩ። ርቀቱ የሚለካው በጫማ እንደሆነ እንኳ ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ወንዙ ሽቅብ ቢፈስም ልብ የምለው አልነበረም። የምስክር ወረቀት ግን ተሰጠኝ።

እኔ ቀያሽ ነኝ። ገመድ ጎትቻለሁ፣ በጥማድ ቆጥሬያለሁ፣ ወሰን ላይ ከተጣሉ ወንድማማቾች መሀል ቆሜያለሁ። ጂአይኤስ፣ ማለትም ካርታን ከመረጃው ጋር በኮምፒውተር መሥራት፣ ሲባል መጀመሪያ የገባኝ በእጅ እንሠራው ከነበረው ጋር ሳመሳስለው ነው። ወንዙን በአንድ ስስ ወረቀት፣ ማሳውን በሌላ፣ መንገዱን በሦስተኛ ስለን እንደራርብ ነበር። እዚህ ልዩነቱ እያንዳንዱ መስመር ከጀርባው ሰንጠረዥ መያዙ ነው። ማሳውን ስትነኩት የባለይዞታው ስምና ስፋቱ ይመጣል። ስለዚህ ካርታው ይጠየቃል፦ ከወንዙ በ50 ሜትር ውስጥ ያሉት ማሳዎች የትኞቹ ናቸው? ሐሳቡ ራሱ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው የተጠነሰሰው። ካናዳዊው ሮጀር ቶምሊንሰን ኬንያ ውስጥ ለደን ተከላ የሚሆን ቦታ የመምረጥ ሥራ ገጥሞት፣ ካርታዎቹን በእጅ እየደራረቡ መሥራቱ ወጪው የማይቀመስ ሆነ። ይህን ኮምፒውተር ቢሠራውስ ብሎ ያሰበውን ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለካናዳ መንግሥት እውን ያደረገው።

ከሥልጠናው ስመለስ የአላስካን ፋይል ትቼ የተወለድኩበትን ፎገራን ከፈትኩ። ከድሮው የ1፡50,000 ቶፖ ካርታ ርብ ወንዝን ቀድቼ በሳተላይት ምስል ላይ አነጠፍኩት። ወንዙ የአጎቴን ግቢ መሀል ለመሀል ሰንጥቆ አለፈ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወንዙን ነው። ርብ የታወቀ ነው፤ ክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። ነገር ግን መንገዱም ድልድዩም እኩል ወደ ደቡብ ሸሽተዋል። ጥፋቱ የኔ ነበር። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ ነው። ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ ነው። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 የሚባል ሌላ መነሻ ይከተላሉ። የአንዱን ቁጥር በሌላው ስም ካነበባችሁት እኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ።

ይህን ለወጣት ባልደረቦቼ የማስረዳው በዘመን አቆጣጠራችን ነው። መስከረም 2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ አለ እንበል። «ዓ.ም.» የሚለውን ፍቀህ «እ.ኤ.አ.» ብትጽፍበት ዘመኑን አልቀየርክም፣ ልጁን አስረጀኸው እንጂ። ለመቀየር ማስላት ያስፈልጋል። በፕሮግራሙ ውስጥም እንዲሁ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች አሉ። አንዱ ለመረጃው «ስምህ ይህ ነው» ይለዋል፤ ሌላው ቁጥሩን አስልቶ ያዛውረዋል። ስሙ የሚሰጠው በመለያ ቁጥር ነው፤ እኔ በ20137 መመዝገብ የነበረበትን የአዲንዳን መረጃ የደብልዩጂኤስ 84 በሆነው በ32637 መዝግቤው ነበር። መለያውን ሳስተካክል ርብ ወደ ቦታው ተመለሰ። በነገራችን ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ለዞን 37፣ ማለትም ካርታ ሠሪዎች ምድርን ከከፈሉባቸው ቁመታዊ ቀበቶዎች ለአንዱ፣ ናቸው። አገራችን በሦስት ዞን ላይ ተዘርግታለች፤ አሶሳና ጋምቤላ 36፣ ጅግጅጋ 38 ውስጥ ናቸው። ሳያዩ መገልበጥ አያዋጣም።

አላስካ ላይ ይህ ሁሉ ቢፈጠር ካርታው አምሮ ታትሞ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእግርህ በምታውቀው ቦታ ተማር። ስህተቱን የሚነግርህ አስተማሪው ሳይሆን የአጎትህ ግቢ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ የአንድ ጥማድ ማሳ ስፋት ባሰላ 0.0000002 አለኝ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ፣ 2,500 ካሬ ሜትር መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። መረጃው በዲግሪ ተቀምጦ ኖሮ ስፋቱንም በካሬ ዲግሪ አውጥቶታል። ጥማድን የማያውቅ ሰው ያንን ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ያስገባዋል፤ ገብቶም አይቻለሁ።

ስለ ሥራው ፍጥነትስ? አቋራጭ ቁልፎችን የሚሸመድዱ ወጣቶች አሉ፤ አልነቅፍም። ሰዓት የሚበላው ግን ሌላ ነው። አንድ ጠዋት በቅርብ የተመረቀች ባልደረባችን ፍላሽ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ፋይሉ አልከፈት አለኝ።»

«ወንድሞቹን የት ጣልሻቸው?»

ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ መረጃ ዓይነት አንድ ፋይል ይመስላል እንጂ ቤተሰብ ነው፤ ቅርጹ በአንዱ፣ ሰንጠረዡ በሌላው፣ መነሻው በሌላው ተቀምጦ አብረው ይሄዳሉ። እሷ አንዱን ብቻ ገልብጣ ሁለት ቀን ለፍታበታለች። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ የባሰ ችግር አለብን። የሼፕፋይል ዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ሦስት ፊደል ብቻ ነው የሚፈቀድልን። «ቀበሌ» ልክክ ትላለች፤ «ባለይዞታ» ግን «ባለይ» ሆና ትቀራለች። መፍትሔው ጂኦፓኬጅ በሚባለው ዓይነት ማስቀመጥ ነው፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ይገባል፣ ስሙም አይቆረጥም። አሁን ቢሮ ውስጥ ማንም ሼፕፋይል ሲያመጣብኝ መጀመሪያ እለውጠዋለሁ።

ከሁሉ የምቆጭበት ግን ማተሙ ነው። የአንድ ቀበሌ ማሳዎችን ካርታ አንድ በአንድ እያጎላሁ፣ ስም እየጻፍኩ፣ እያተምኩ ከሁለት ሳምንት በላይ አሳልፌያለሁ። አትላስ የሚባል መሣሪያ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ ገጽ ብቻ ታሰናዳላችሁ፤ እሱ ማሳ በማሳ እየሄደ ስሙንና ስፋቱን ከሰንጠረዡ እያነበበ ሁሉንም ገጽ ያወጣል። ያንን ሥራ ዛሬ ካዘጋጀሁት ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ደግማችሁ የምትሠሩት ነገር ካለ፣ ሦስተኛው ላይ ቁሙና ይህን የሚሠራልኝ መሣሪያ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አለ።

ኪውጂአይኤስ በነጻ ይወርዳል። የሰፈራችሁ መንገዶችም ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ የጎደለውን ራሳችሁ ጨምሩበት። እኔ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ካርታዬን አትሜ ለአጎቴ ሰጠሁት፤ እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው። ርብ ከግቢው በስተሰሜን ይታያል። ክረምት ሲገባ ግን፣ ያለ ማንም ስህተት፣ እስከ አጥሩ ይመጣል።