ልጆችን ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ስለ መሄድ

በወለጋ ከተሞች የሚያድግ ልጅ ወንዝን እንጂ ባሕርን አያውቅም። የነቀምቴና የግምቢ ልጅ የዴዴሳን ሙላት አይቶ ይሆናል፤ ማዕበል የሚመታውን አሸዋ ግን በመጽሐፍ ካነበበው በቀር አላየም። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ልጆቹን በውሃ ዳር ለማጫወት የሚሻ ቤተ ሰብ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እንዲሄድ እንመክራለን።

ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330፣ ከዚያም እስከ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ ጠይቆ ጉዞውን በሁለት ቀን መክፈል ይገባል። የላንጋኖ ውሃ መልኩ ቡናማ የሆነው ከደለል የተነሣ ነው እንጂ እድፍ ኖሮበት አይደለም፤ ለዋናም የታወቀ ነው። በዳርቻው ድንኳን ተክሎ ማደር ስለሚቻል ብርድ ልብስ፣ ጭኮና ቆሎ መያዝ አይረሳ። ሕፃናትም ያለ ጠባቂ ወደ ውሃ አይግቡ።

ከአውራ ጎዳናው በስተ ምዕራብ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ በዳርቻውም ፍል ውሃ ይፈልቃል። አብያታ ግን ጥልቀት የለውም። ፔሊካን የተባለው ከምንቃሩ በታች ከረጢት ያለው ትልቅ ወፍ በሻላ ደሴት እየፈለፈለ፣ ለጫጩቶቹ ዓሣ ከአብያታ ያመጣ ነበር።

ባሕር በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ያህል ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜም ይመለሳል፤ በሸሸ ጊዜ በዐለቱ መካከል በሚቀረው ኩሬ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ይታያል። የአብያታ ሽሽት ግን እንዲህ በሰዓቱ የሚመለስ አይደለም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ወደ እርሱ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ እየተሳበ ዳርቻው እጅግ ራቀ። ጨውነቱ በበረታ ጊዜ ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ተመናመኑ። ውሃው የለቀቀው ጭቃ እግር ስለሚያሰምጥ ልጆች ከመሪያቸው አይለዩ።

ሐይቅ አቤት የሚልበት አፍ የለውም፤ ምስክሩ ያየው ሰው ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በላንጋኖ ተደስታችሁ ስትመለሱ አብያታን ለልጆቻችሁ ሳታሳዩ አትለፉ። የወንዝ መጠለፍ ሐይቅን ምን እንደሚያደርገው በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ነገ በአገሩ በዴዴሳ ውሃ ላይ ምክር ሲደረግ ዝም ብሎ አይቀመጥምና።