ኳስ የማይለቅ ቡድንን መጠበቅ፦ የደጋፊ ሥጋት ከምን ይመነጫል?

የካቲት 29 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2011) አርሰናል ለአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ የጥሎ ማለፍ የመልስ ጨዋታ ወደ ባርሴሎናው ካምፕ ኑ ሲገባ 2 ለ 1 እየመራ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት በለንደን ዴቪድ ቪያ ቀድሞ ቢያስቆጥርም፣ ሮቢን ቫን ፔርሲና አንድሬ አርሻቪን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ውጤቱን ገልብጠውት ነበር። ሆኖም በለንደን መጠጥ ቤቶችም ሆነ ከምሽቱ 4፡45 ላይ በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶች ጨዋታውን ይጠብቅ ለነበረው የአርሰናል ደጋፊ፣ ይህ መሪነት ዕረፍት የሚሰጥ አልነበረም። መሪ ቡድንን የሚደግፍ ሰው ስለምን ይሠጋል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የጨዋታውን ሥልት፣ የውድድሩን ደንብና የሰውን የአእምሮ ባሕርይ በአንድነት መመልከትን ይጠይቃል።

በቅድሚያ የሥልቱ ጉዳይ አለ። ፔፕ ጓርዲዮላ በ2008 ከተረከቡት ጊዜ ጀምሮ ባርሴሎና ኳስን ለማጥቃትም ለመከላከልም ይጠቀምበት ነበር። ዣቪ፣ ኢኔስታና ቡስኬትስ በአጫጭር ቅብብል ሦስት ማዕዘን እየሠሩ ተጋጣሚያቸውን ከቦታው ያስወጣሉ፤ ኳስ ሲነጠቁ ደግሞ ወደ ኋላ ከመሸሽ ይልቅ በቅርብ ያሉት ሁሉ በነጠቃቸው ተጫዋች ላይ ወዲያውኑ ይረባረባሉ። በዚህ ምክንያት ተጋጣሚው ኳስ ቢያገኝም ቀና ብሎ ለማየት ፋታ አያገኝም። ከኳስ ጀርባ የሚደረግ ሩጫ ኳስ ይዞ ከሚደረገው ይልቅ አድካሚ መሆኑን የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ለተመልካች ግን ሌላ ጉዳት አለው። በተለመደ ጨዋታ ደካማው ቡድን እንኳ የማዕዘን ምት፣ ረጅም ኳስ ወይም ከርቀት የሚሞከር ምት ስለሚያገኝ የደጋፊው ተስፋ በየጥቂት ደቂቃው ይታደሳል። ከባርሴሎና ጋር ሲሆን ይህ መታደስ ይቋረጣል። ደጋፊው አሥር ደቂቃ ሙሉ የራሱ ቡድን ኳስ ሲነካ ላያይ ይችላል፤ የሚቆጥረውም የቀረውን ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

የአርሰናል ደጋፊ ተጨማሪ ሸክም ነበረበት። ከ1996 ጀምሮ ቡድኑን የያዙት አርሰን ቬንገር የገነቡት ቡድን ራሱ በቅብብል የሚታወቅና በዚያም የሚኮራ ነበር። በኤፕሪል 2010 ኢንተር ሚላን በካምፕ ኑ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ሲያጣ ኳሱን ለባለሜዳው ትቶ በሩን ዘጋ፤ 1 ለ 0 ተሸንፎም በድምር ውጤት 3 ለ 2 አለፈ። ለኢንተር ደጋፊ ኳስን መተው ነውር አልነበረም። አርሰናል ግን ኳሱን ቢተው ማንነቱን ይተዋል፤ ባይተው ደግሞ በገዛ ሙያው ከሚበልጠው ጋር ይወዳደራል። የዚህ ውድድር ውጤት ምን እንደሚመስል ከዓመት በፊት ታይቷል፤ በለንደን 2 ለ 2 ከተለያዩ በኋላ በካምፕ ኑ ሊዮኔል ሜሲ ብቻውን አራት ግብ አስቆጥሮ 4 ለ 1 ተፈጽሟል። የደጋፊው ሥጋት በከፊል ትዝታ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ የውድድሩ ደንብ ይጨመራል። ያን ጊዜ ከሜዳ ውጭ የተቆጠረ ግብ ሚዛን ይደፋ ስለነበር የቪያ ግብ ለባርሴሎና እንደ ቀብድ ሆናለች። ባርሴሎና 1 ለ 0 ቢያሸንፍ ያልፋል፤ 2 ለ 1 ቢያሸንፍ ተጨማሪ ሰዓት ይታከላል፤ 3 ለ 2 ቢያሸንፍ ግን አርሰናል ያልፋል። ደጋፊው ቀኑን ሙሉ ሲደምርና ሲቀንስ መዋሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ቅብብል ጥቅም የተጻፈው ጥናት ለደጋፊው የሚሰጠው መጽናኛ የተደባለቀ ነው። ከ1950 ጀምሮ ጨዋታዎችን በወረቀት ይመዘግብ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሪፕ፣ በ1968 ከበርናርድ ቤንጃሚን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ አብዛኞቹ ግቦች ከጥቂት ቅብብል በኋላ እንደሚገኙ አሳይቷል። ከዚህም ረጅም ቅብብል ብዙ ፋይዳ የለውም የሚል ትምህርት ተስፋፋ። ስሕተቱ ቀላል ነበር፦ አጫጭር ቅብብሎች በቁጥር እጅግ ስለሚበዙ ከእነርሱ ብዙ ግብ መገኘቱ አያስደንቅም። ሂዩዝና ፍራንክስ በ2005 ይህን የብዛት ልዩነት አስተካክለው ሲያሰሉ፣ በተለይ ለተሳካላቸው ቡድኖች ረጅም ቅብብል የተሻለ ግብ ሲያስገኝ ታየ። በአንጻሩ እግር ኳስ ጥቂት ግብ የሚቆጠርበት ጨዋታ በመሆኑ ዕድል ሰፊ ቦታ አለው። ቤን ናይምና ባልደረቦቹ በ2006 አምስት የስፖርት ውድድሮችን ሲያነጻጽሩ፣ ደካማው ጠንካራውን በብዛት የሚያሸንፈው በእንግሊዝ እግር ኳስ መሆኑን አግኝተዋል።

ታዲያ ዕድሉ ክፍት መሆኑ ሥጋትን ለምን አይቀንስም? እዚህ ላይ የሥነ ልቦና ጥናት ይረዳል። በ2016 ደ በርከርና ባልደረቦቹ በለንደን ባደረጉት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች እጃቸው ላይ መጠነኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት የማግኘት ዕድላቸው እየተለዋወጠ ጭንቀታቸው ተለካ። ጭንቀቱ ከፍተኛ የሆነው ንዝረቱ እርግጠኛ ሲሆን አልነበረም፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ሲሆን ነበር። ሙከራው ስለ እግር ኳስ ባይሆንም ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ብርሃን ቀላል አይደለም። አርሰናል በለንደን 3 ለ 0 ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ደጋፊው አዝኖ፣ ነገር ግን ተረጋግቶ በተቀመጠ ነበር። የአርሻቪን ግብ ደስታን ሰጠች፤ ጉዳዩን ወደ መካከለኛው ነጥብ በመግፋትም ጭንቀቱን አበዛች። ጭንቀቱ ደግሞ በወሬ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ በሙኒክ አካባቢ የተደረገ ጥናት፣ ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ከሌላው ጊዜ በ2.66 እጥፍ መጨመሩን መዝግቧል።

ደጋፊ ራሱን የሚከላከልበት መንገድም አለው። «ዛሬ አራት ነው የሚገባብን» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ትንቢት መናገሩ አይደለም፤ ጁሊ ኖረምና ናንሲ ካንተር በ1986 «መከላከያ ጨለምተኝነት» ብለው የገለጹትን ሥልት፣ ማለትም ክፉውን አስቀድሞ በማሰብ ልብን ማዘጋጀትን እየተጠቀመ ነው። ሮበርት ቺያልዲኒ በ1976 በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ያስተዋለው ደግሞ በአማርኛ ተናጋሪ ደጋፊም አፍ ይሰማል፦ ድል ሲሆን «አሸነፍን»፣ ሽንፈት ሲሆን «ተሸነፉ»።

በሜዳው የሆነው ሥጋቱን በግማሽ የሚያጸድቅ ነበር። ባርሴሎና ፒኬንና ፑዮልን ሳያሰልፍ፣ ቡስኬትስን ወደ ተከላካይ መስመር አውርዶ ቀረበ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል ፋብሬጋስ በራሱ ሜዳ በተረከዙ ለማቀበል የሞከረው ኳስ ተነጥቆ፣ በኢኔስታ በኩል ለሜሲ ደርሶ ግብ ሆነ፤ በቅብብል የሚኮራ ቡድን በቅብብል ስሕተት ተቀጣ። ከዕረፍት በኋላ ቡስኬትስ በራሱ ግብ ላይ አስቆጥሮ አርሰናልን ወደ መሪነት መለሰው፤ ብዙም ሳይቆይ ቫን ፔርሲ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ኳስ በመምታቱ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። ዣቪና ሜሲ ጨምረው ጨዋታው 3 ለ 1፣ ድምሩም 4 ለ 3 ሆነ። አርሰናል በዚያ ምሽት አንድም ሙከራ አላደረገም። ሆኖም ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ዊልሸር ያሾለከው ኳስ ኒክላስ ቤንትነር ዘንድ ደረሰ። አንድ ግብ ብትገባ 3 ለ 2፣ ማለትም ማለፍ ነበር። የመጀመሪያ ንክኪው ከበደ፤ ማስኬራኖ ተንሸራትቶ ደረሰበት።