የኢንሹራንስ ወኪል፦ ከቤት እስከ በረት

አብዛኞቻችን ኢንሹራንስን የምናውቀው በመኪና ሦስተኛ ወገን ነው። ግዴታ ስለሆነ እንገዛለን፤ ውሉን የሚያነበው ግን ጥቂቱ ነው። ቤትን፣ ቤተሰብንና እርሻን መድን ለማስገባት የሚያስገድደን የለም፤ ስለዚህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ወኪሉ ነው።

ወኪሉ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይሠራል፤ ደንበኛ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ያመጣል፣ ደንበኛው ከሚከፍለው ዓረቦንም ኮሚሽን ያገኛል። ደላላ ደንበኛውን ወክሎ ኩባንያ ያማርጣል፤ ወኪል ግን የኩባንያው ሰው ነው። ነውር የለበትም፣ ሲያስረዳን ግን ይህን ማስታወስ ይገባል። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ጥያቄ «ዓረቦኑ ስንት ነው?» ሳይሆን «ውሉ የማይሸፍነው ምንድን ነው?» መሆን አለበት።

ቤት ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በግምቱ ነው። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤቱን፣ ዓረቦን ለመቀነስ ብሎ በ2 ሚሊዮን ያስመዘገበ ሰው እሳት የ1 ሚሊዮን ጉዳት ቢያደርስበት የሚያገኘው ካሳ 500 ሺህ ነው። ቀሪውን ግማሽ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንዲህ በሚንርበት ጊዜ የአምናው ግምት ለዘንድሮ አይበቃም፤ ጎበዝ ወኪል ውል ሲታደስ ሳይጠየቅ ይህን ያነሳል።

ለቤተሰብ እድር አለን፤ ቀብሩንና የሐዘኑን ሰሞን ይሸከማል። የሕይወት መድን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ላለው ለልጆች ትምህርትና ለቤት ኪራይ ነው። የነበረን ሕመም ደብቆ መዋዋል ግን ውሉን ያፈርሳል።

ወኪል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እርሻ ላይ ነው። በትግራይ አዲ ሃ በ2001 ዓ.ም 200 ያህል ቤተሰቦች ለጤፋቸው የዝናብ እጥረት መድን ሲገቡ፣ ገንዘብ የሌላቸው ዓረቦኑን በአካባቢ ጥበቃ ሥራ በጉልበታቸው ከፈሉ። በቦረና ደግሞ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በ2004 ዓ.ም የከብት መድን ጀመረ። እዚህ የሞተ ከብት የሚቆጥር የለም፤ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፣ ልኬቱ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ በአካባቢው ውል የገባ ሁሉ ይከፈለዋል። አሠራሩ ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን አካባቢው ለምልሞ የአንድ አርብቶ አደር ከብቶች በበሽታ ቢያልቁ ምንም አያገኝም። ይህን ከመሸጡ በፊት በራሱ በአርብቶ አደሩ ቋንቋ፣ ሳያድበሰብስ የሚነግር የቀበሌው ሰው ከሌለ፣ ውሉን ፈርሞ በድርቅም በበሽታም ካሳ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ አይቀርም። ካሳ ሲቀርበትም የሚወቅሰው ሳተላይቱን ሳይሆን ውሉን የሸጠለትን ጎረቤቱን ነው።

የቦረናው የከብት መድን ሽያጭ የሚካሄደው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ጥርና የካቲት፣ ነሐሴና መስከረም። ወኪሉን ማነጋገሪያው ጊዜም ያኔ ነው።