ለጎልፍ የሚሆን ፖላራይዝድ መነጽር፡ ነጸብራቅን ማጥፋት ሁልጊዜ ይጠቅማል?

አሜሪካዊው ዴቪድ ዱቫል በአውሮፓውያኑ 2001 በእንግሊዝ ሮያል ሊትሃም ኤንድ ሴንት አንስ ሜዳ የተካሄደውን የኦፕን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ፣ በርካታ የስፖርቱ ተከታታዮች ከዋንጫው ባልተናነሰ የሚያስታውሱት ዓይኖቹን ከግራም ከቀኝም ሸፍኖ የሚይዘውን ጥቁር መነጽሩን ነው። ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታምም በመነጽሯ ትታወቅ ነበር።

ይሁንና ጎልፍን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው አንድ ሌላ ልማድ ማስተዋሉ አይቀርም። መነጽር የሚያደርጉ ብዙ ተጫዋቾች ኳሷን ከሩቅ ሲመቱ ዓይናቸው ላይ ያኖሩትን መነጽር፣ ወደ ጉድጓዱ ሲቃረቡ አውልቀው ኮፍያቸው ላይ ያስቀምጡታል። ኳሷን ቀስ ብለው ወደ ጉድጓዱ ከሰደዱ በኋላ መልሰው ያደርጉታል።

ነገሩ የግል ልማድ ብቻ አይደለም። በመነጽር መሸጫዎች "ፖላራይዝድ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ላቅ ባለ ዋጋ የሚቀርቡት ሌንሶች ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደማያደርጉ የሚያሳይ ነው። ጉዳዩ ጎልፍ ጨብጦ የማያውቀውን፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለውን ሹፌርም ይመለከታል።

ከፓሪስ መስኮት የተጀመረ ታሪክ

በአውሮፓውያኑ 1808 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ ሆኖ፣ በማዘቅዘቅ ላይ ያለችው ፀሐይ በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ የፈጠረችውን ነጸብራቅ አይስላንድ ስፓር በሚባል ግልጽ ማዕድን አሳልፎ ይመለከት ነበር። ማዕድኑን ሲያዞረው የነጸብራቁ ድምቀት ከፍና ዝቅ አለ። ከመስታወት ተንጸባርቆ የመጣው ብርሃን በቀጥታ ከፀሐይ ከሚመጣው የተለየ ጠባይ እንዳለው የተረዳው ያኔ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገዱም ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይነዝራል፦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ በሰያፍም። ብርሃኑ እንደ ውሃ፣ አስፋልት ወይም የመኪና መስታወት ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አርፎ ሲነጥር ግን ወደ ጎን የሚነዝረው ክፍል በብዛት ይመለሳል፤ ሌላው በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ዓይንን የሚያጭበረብረው ነጸብራቅ በአመዛኙ ይህ ወደ ጎን የሚነዝር ብርሃን ነው።

ፖላራይዝድ ሌንስ የሚሠራው እንደ እንጨት አጥር ነው። ቀጥ ብለው በቆሙ እንጨቶች መካከል የተዘረጋ ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች ቢወዛወዝ ማዕበሉ አጥሩን ያልፋል፤ ወደ ጎን ቢወዛወዝ ግን እንጨቶቹ ያስቆሙታል። ሌንሱም ወደ ጎን የሚነዝረውን ብርሃን አስቀርቶ የቀረውን ያሳልፋል። ይህንን ጠባይ በረቂቅ ክሪስታሎች አማካይነት በስስ ፕላስቲክ ላይ ያሰፈረው አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ሲሆን፣ ገና ወጣት ሳለ በ1929 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አመልክቷል። በኋላ በካሜራው ዓለም ያወቀውን ፖላሮይድ ኩባንያን ያቋቋመውም እርሱ ነው።

ዓሣ አጥማጆች ሌንሱን ለምን እንደሚወዱት ከዚህ ግልጽ ይሆናል። የውሃው ገጽ ብልጭታ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ዓሣ ይታያል። ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ የሚያሽከረክር ሰውም እፎይታው ወዲያው ይሰማዋል።

ታዲያ ጎልፍ ላይ ምን ችግር አለው?

የጎልፍ ሜዳ ሁለት ፊት አለው። ኳሷ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ተምዘግዝጋ በምትጓዝበት ሰፊ መስክ ላይ፣ በተለይ ሐይቅ ወይም ኩሬ ባለበት፣ ነጸብራቅን ማጥፋት ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ዓይን አይጨማደድም፤ ከአራት ሰዓት በላይ በሚወስደው የ18 ጉድጓድ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ድካምም ይቀንሳል።

ግሪን የሚባለው፣ በጣም አጥሮ የታጨደው የጉድጓዱ ዙሪያ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ተጫዋቹ ከኳሷ ኋላ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን "ያነባል"። ከሚያነባቸው ነገሮች አንዱ ሳሩ የተኛበት አቅጣጫ ነው። ሳሩ ከተጫዋቹ ርቆ ወደ ፊት ከተኛ ነጣ ብሎ ያብረቀርቃል፤ ኳሷም በላዩ ትፈጥናለች። ወደ ተጫዋቹ ከተኛ ግን ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ኳሷም ትዘገያለች። ወደ ጎን ከተኛ ደግሞ ኳሷን ከመስመሯ ሊያስታት ይችላል።

የተጫዋቹ ፍንጭ እንግዲህ ያ ብልጭታ ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ ደግሞ ሥራው ብልጭታን ማጥፋት ነው። ሳሩ በሌንሱ ውስጥ ጥልቅና ያማረ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን በነጣውና በጠቆረው መካከል ያለው ልዩነት ሊደበዝዝ ይችላል። አንዳንድ ተጫዋቾች ርቀትና ቁልቁለት እንደሚምታታባቸው የሚናገሩትም በዚሁ ዙሪያ ነው፤ ዓይን የመሬትን ቅርጽ የሚገምተው በከፊል ከብርሃንና ከጥላ ነውና።

የሳር አቅጣጫ ጉዳይ በሁሉም አገር እኩል አይደለም። ጎልቶ የሚታየው ሙቀት በሚወደው ቤርሙዳ በተሰኘው የሳር ዝርያ ላይ ሲሆን፣ ይህም በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶችና በባሕረ ሰላጤው አገራት የተለመደ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት የመጀመሪያው በሳር የተሸፈነ የጎልፍ ሜዳ የተከፈተው በ1988 በዱባይ፣ በኤሚሬትስ ጎልፍ ክለብ ነው። ከዚያ በፊት በአካባቢው ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች የሚጫወቱት በአሸዋ ላይ ነበር፤ የጉድጓዱ ዙሪያም በዘይት የተለወሰ አሸዋ ስለነበር "ግሪን" ሳይሆን "ብራውን" ይባል ነበር። እዚያ ላይ የሚነበብ የሳር ብልጭታ አልነበረም።

ቀዝቃዛ አየር በሚወዱት የሰሜን አውሮፓ ሳሮች ላይ ግን ይህ ሥጋት አነስ ይላል። ስለዚህ ለስቶክሆልሙ ተጫዋች የሚስማማው ሌንስ ለአትላንታው ወይም ለአቡዳቢው ላይስማማ ይችላል። በተግባር ሁለት አማራጭ አለ፦ ፖላራይዝድ የሆነውን አድርጎ ግሪን ላይ ማውለቅ፣ ወይም ፖላራይዝድ ያልሆነ ጥሩ ሌንስ መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለማውለቅ። ሁለተኛው ለጀማሪ የተሻለ ይመስላል። ዓይን አንድን ሌንስ ሲለምድ አገማመቱም ይስተካከላል፤ በየጉድጓዱ ብርሃን መቀያየር ግን ይህንን ልምድ ያደናቅፋል።

የሌንስ ቀለምና የጥቁረት መጠን

ከፖላራይዜሽን ይልቅ በጨዋታው ላይ ጎልቶ የሚሰማው የሌንሱ ቀለም ሊሆን ይችላል። ግራጫ ሌንስ ቀለማትን እንዳሉ ይተዋቸዋል፤ ሁሉንም እኩል ያደበዝዛል። ቡናማ፣ ወርቃማና ሮዝ ቀለም ያላቸው ደግሞ ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ስለሚያስቀሩ ነጭ ኳስ ከአረንጓዴ ሳርና ከሰማይ ተለይታ ጎልታ ትታያለች። ለጎልፍ ተብለው የሚሸጡ አብዛኞቹ መነጽሮች በዚህ ቀለም የሚሠሩት ለዚህ ነው።

የጥቁረት መጠን በአውሮፓ ሕብረት ገበያ ከ0 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች ይገለጻል። ደረጃ 2 ከብርሃኑ ከ18 እስከ 43 በመቶ፣ ደረጃ 3 ከ8 እስከ 18 በመቶ፣ ደረጃ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ያሳልፋሉ። ለጠራራ ፀሐይ ደረጃ 3 ይበቃል፤ ደመና ለሚያዘወትራቸው አገራት ደረጃ 2 ይመቻል። ደረጃ 4 ለበረዶ ተራራና ለመሳሰለው የተሠራ በመሆኑ መኪና ለማሽከርከር አይፈቀድም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በመነጽሩ እጀታ ውስጠኛ ጎን ወይም አብሮት በሚሰጠው ወረቀት ላይ ይገኛል።

የሌንሱ ማቴሪያልም መታየት አለበት። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ስፋቷም ከ43 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው፤ ይህም ማለት በዓይን ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ዘልቃ ለመግባት የምትችል ናት። በጎልፍ ኳስ የሚደርስ የዓይን ጉዳት ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም ሲያጋጥም ከባድ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ከተራ ሌንስ በተሻለ ምትን ይቋቋማል።

ዕድሜያቸው ከአርባ የዘለለና ለቅርብም ለሩቅም የሚያገለግል ፕሮግሬሲቭ ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ፈተና አለባቸው። የሌንሱ የታችኛው ክፍል ለንባብ የተሠራ ስለሆነ፣ እግራቸው ሥር ያለችውን ኳስ ሲመለከቱ ትደበዝዝባቸዋለች። ለእነዚህ ሰዎች ለሩቅ እይታ ብቻ የተሠራ የፀሐይ መነጽር ማዘዝ ከየትኛውም ፖላራይዝድ ሌንስ የበለጠ ጨዋታቸውን ሊያሻሽለው ይችላል።

ዋናው ጉዳይ፦ የማይታየው ጨረር

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው። ፖላራይዝድ ማለት ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላል ማለት አይደለም። ጥቁር ማለትም እንደዚያው። ሦስቱ የተለያዩ ጠባዮች ናቸው፤ አንድ መነጽር አንዱን ይዞ ሌላው ሊጎድለው ይችላል።

እንዲያውም ጥቁር ሆኖ ጨረሩን የማያስቀር መነጽር ከጭራሹ ካለማድረግ ሊብስ ይችላል። በደማቅ ብርሃን ውስጥ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ የዓይን ቆብም ይጨፈናል፤ ይህ ተፈጥሯዊ መከላከያ ነው። ጥቁር ሌንስ ሲደረግ ዓይን የጨለመ መስሎት ብሌኑን ይከፍታል። ሌንሱ ጨረሩን ካላስቆመው በተከፈተው በር ይገባል።

ጨረሩ በረዥም ጊዜ ከዓይን ሞራ እና በዓይን ነጩ ክፍል ላይ ከሚበቅለው ሥጋ መሰል እድገት ጋር ይያያዛል። የዓይን ሞራ በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው። በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በአልትራቫዮሌት ጨረር ሊከሰት ወይም ሊባባስ እንደሚችል ይገምታል። ድርጅቱ እንደሚለው የጨረሩ ኃይል ከባሕር ጠለል በላይ በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ አየሯ ቀዝቀዝ ማለቱ ሰውን ያዘናጋል እንጂ ፀሐይዋ ለዓይን ከቆላው የከበደች ናት። ስስ ደመናም ጨረሩን አያስቆምም።

በጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር ከ10 በመቶ ያነሰ ጨረር ሲያንጸባርቅ፣ ደረቅ አሸዋ 15 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ተጫዋቹ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ይሄዳል። ሳሩን የሚያጭደው፣ አሸዋውን የሚያስተካክለውና የተጫዋቹን ዱላዎች የሚሸከመው ሠራተኛ ግን በየቀኑ እዚያው ነው። ከሁሉም በላይ ጥሩ መነጽር የሚያስፈልገው እርሱ ሆኖ ሳለ ለእርሱ ተብሎ የሚታተም ማስታወቂያ የለም። በባሕረ ሰላጤው አገራት በግንባታና በመልእክት አድራሽነት ለሚሠሩትም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈለገው ጽሑፍ "ዩቪ400" ወይም "መቶ በመቶ የዩቪ መከላከያ" የሚለው ነው፤ ሌንሱ እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለውን ጨረር ያስቀራል ማለት ነው። ይህ መከላከያ ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ርካሽ መነጽርም ሊኖረው ይችላል። ችግሩ በመንገድ ዳር የሚለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ እውነት አለመሆኑ ነው። በርካታ የመነጽር ቤቶች ጨረሩ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ስላላቸው፣ በእጅ ያለን መነጽር ወስዶ ማስለካት ደቂቃ አይፈጅም።

ፖላራይዝድ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ አያሻም። ሌንሱን በሌላ ፖላራይዝድ መነጽር ፊት ለፊት ይዞ ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ እውነተኛ ከሆነ ሁለቱ የተደራረቡበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። በላፕቶፕ ስክሪን ፊትም መሞከር ይቻላል፤ በአብዛኞቹ ላይ ሌንሱ ሲዞር ስክሪኑ በአንድ አቅጣጫ ይጨልማል።

ይኸው የስክሪን መጨለም ለአንዳንዶች ሥራ ላይ እንቅፋት ነው። የጎልፍ ተጫዋቾች ርቀት የሚለኩባቸው አንዳንድ መሣሪያዎች በሌንሱ ውስጥ አይነበቡም። ፓይለቶች የበረራ ክፍሉ ስክሪኖች እንዳይሰወሩባቸው ፖላራይዝድ መነጽር እንዳያደርጉ የአሜሪካ የፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር ይመክራል። በዋሺንግተንም ሆነ በሚኒያፖሊስ ታክሲ የሚያሽከረክር ሰው የስልኩን ካርታ ጎንበስ ቀና እያለ ለማየት ሊገደድ ይችላል፤ ከመግዛቱ በፊት ስልኩን መኪናው ላይ በሚያስቀምጥበት አኳኋን ይዞ ቢሞክረው ይቀለዋል። በክረምት ደግሞ አስፋልት ላይ የጋገረ በረዶ የሚታወቀው በብልጭታው ነው፤ ልክ እንደ ግሪኑ ሳር፣ ሌንሱ ያንን ምልክት ሊደብቀው ይችላል።