ሰርቨሩ ጠፍቶ የማይጠፋው ካርድ

እኩለ ሌሊት ላይ ሰርቨር ቀጥ ሲል ባለሙያው ከእንቅልፉ ተነስቶ ዳታ ሴንተር ድረስ የሚሮጥበት መሥሪያ ቤት ዛሬም ብዙ ነው። መፍትሔው ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። የርቀት መቆጣጠሪያ ካርዱ ነው፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒኢ ደግሞ አይሎ ይለዋል። ድሮ ለብቻው የሚሰካ ካርድ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ ይመጣል። ሰርቨሩን ከሩቅ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ስክሪኑን ያሳያል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስጭናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ካርዱን ከሪሞት ዴስክቶፕ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውሱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ካርዱ ግን የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ሶፍትዌር ያለው ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ከጀርባው ቁሙ፦ ፋኑ ጸጥ ብሏል፣ የካርዱ ኔትወርክ ፖርት መብራት ግን ብልጭ ድርግም ይላል። የኤሌክትሪክ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ለካርዱ የሚበቃውን ያህል ይሰጠዋል።

ይህን ያልተረዳ ሰው ካርዱን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። ሰርጎ ገብ አንዴ ካርዱን ከያዘ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አያስወጣውም፤ የካርዱ ሶፍትዌር የሚኖረው በሌላ ቺፕ ላይ ነዋ! መግባቱም ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አይፒኤምአይ 2.0 የተባለው የእነዚህ ካርዶች የጋራ ደንብ፣ የተጠቃሚውን ስም ላወቀ ሁሉ በይለፍ ቃሉ የተሰላ ኮድ አስቀድሞ ይልክለታል፤ ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ ቃሉን እየገመተ ይሞክራል። ችግሩ ያለው ደንቡ ላይ ስለሆነ ሶፍትዌር በማደስ ብቻ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 አይሎ 4 ላይ የታየው ጉድ ደግሞ የባሰ ነበር፦ «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል 29 ጊዜ ደርድሮ የላከ ያለ ይለፍ ቃል ይገባ ነበር። ይኸኛው በአዲስ ፈርምዌር ተዘግቷል፤ ያላደሰ ግን በሩ እንደተከፈተ ነው።

በሌላ በኩል ካርዱን ከነጭራሹ የረሱትም አሉ። አንድ መሥሪያ ቤት የካርዱ ፖርት ገመድ ሳይሰካበት ዓመታት እንዳለፉት አይቻለሁ። ካርዱ የትኛው ሜሞሪ እንደታመመ፣ የትኛው ፓወር ሰፕላይ እንደተቋረጠ ከነሰዓቱ መዝግቦ ይዟል፤ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

ስለዚህ አዲስ ሰርቨር ራክ ላይ ስታስገቡ ከካርዱ ጀምሩ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ፈርምዌሩን አድሱ፣ ገመዱን ለአስተዳደር ብቻ በተለየ ኔትወርክ ላይ ሰኩ፣ ከውጭ የሚመጣውም በቪፒኤን ብቻ ይግባ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።